ከጽሑፍ ጥሪ እስከ ጥረዛ፦ አንድ የታዳጊዎች ልብ ወለድ የማሳተም ሥራ ማስታወሻ

የሚታተመው ከ8 እስከ 12 ዓመት ለሆናቸው ልጆች የሚሆን አንድ ወጥ የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። መጠኑ ኤ5 (148 በ210 ሚሊ ሜትር)፣ 128 ገጽ፣ ውስጡ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ያለው፣ ሽፋኑ ባለ ቀለም፣ የመጀመሪያው ኅትመት 2,000 ቅጂ። በአማርኛ ለትንንሾች ባለሥዕል ተረት ይገኛል፤ ለአዋቂ ልብ ወለድም ሞልቷል። ማንበብ የለመደ የ3ኛ ወይም የ4ኛ ክፍል ልጅ ግን ተረቱ ያንሰዋል፣ የአዋቂው መጽሐፍ ይከብደዋል። በዚያ መሐል ለሦስትና ለአራት ዓመት የሚያነበው ካጣ፣ ሲያድግ ወደ መጽሐፍ መመለሱ አጠራጣሪ ነው። ሥራው የተጀመረው ለዚህ ነው።

መስከረም፣ ጥሪው

ለጸሐፊዎች የቀረበው ጥሪ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀ፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች፣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው የሚያሳይ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ፣ የጸሐፊውን ስም ደግሞ ለብቻው በሌላ ወረቀት። ማጠቃለያው ፍጻሜውን መያዙ ግዴታ ነው። ሦስት ምዕራፍ ማሳመር ብዙ ሰው ይችላል፤ ታሪክ የሚላላው መሐሉ ላይ ነው፣ ያም በማጠቃለያው ወዲያው ይታያል። «ከዚያ ብዙ ችግር ካሳለፈች በኋላ» የሚል ሐረግ ካለ፣ መሐሉ ገና አልታሰበም ማለት ነው።

ጥሪው የሚደርስበትን ቦታ መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በማኅበራዊ ገጽ ብቻ ሲለጠፍ በአብዛኛው የሚመጣው ግጥምና የአዋቂ አጭር ልብ ወለድ ነው። ስለዚህ ለአንደኛ ደረጃ የአማርኛ መምህራን፣ ሚኒ ሚዲያ ለሚመሩ መምህራንና ለሬዲዮ ድራማ ጸሐፊዎች በቀጥታ ተላከ። በሬዲዮ የሠራ ሰው የንግግር ጆሮ አለው። ገለጻ ሊጎድለው ይችላል፤ እሱ በአርትዖት ይሞላል። ገለጻው ያማረና ንግግሩ የደረቀ ጽሑፍን ማዳን ግን እጅግ ከባድ ነው።

ጥቅምትና ኅዳር፣ ንባብና ምርጫ

ሁለት ሰዎች ስም ሳያዩ ለየብቻ ያነባሉ፣ ከዚያ ያወዳድራሉ። መለኪያው አጭር ነው። ባለታሪኩ ልጅ ነው? የሚፈልገው ነገር በመጀመሪያዎቹ 5 ገጾች ይታወቃል? ወሳኙን ውሳኔ የሚወስነው እሱ ራሱ ነው? ቦታው በስም የሚታወቅና የሚታይ ነው?

ብዙ ጽሑፍ የሚወድቀው በሦስተኛው ጥያቄ ነው። ልጁ ችግር ውስጥ ይገባል፣ አጎት ወይም መምህር ይመጣና ያወጣዋል፣ በመጨረሻም ምክር ይሰጠዋል። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ተረት ነግረው ምክር ሲጨምሩ ለዚያ መድረክና ለዚያ ዕድሜ ተገቢ ነበር፤ ድምፃቸውና ፊታቸው አብሮ ይናገር ነበርና። የ10 ዓመት ልጅ መጽሐፍ ይዞ ጥግ ሲቀመጥ ግን የሚፈልገው ከባለታሪኩ ጋር አብሮ መወሰን ነው። ምክሩ ከታሪኩ ውስጥ ካልወጣ በመጨረሻው ገጽ ቢጻፍም አይነበብም።

የታወቀ ተረትን አርዝሞ መጻፍም ሌላው የመውደቂያ ምክንያት ነው። ተረት የሚያምረው በማጠሩ ነው፤ ወደ 100 ገጽ ሲዘረጋ ገጸ ባሕርያቱ ባዶነታቸው ይወጣል።

የተመረጠው ጽሑፍ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የሚካሄድ ነው። ባለታሪኳ የ11 ዓመት ልጅ ናት፣ የአያቷ የደንገል ታንኳ ጠፍቷል፣ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ትፈልጋለች። ርዝመቱ ሲገባ 21,000 ቃላት ገደማ ነበር። አማርኛ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን በአንድ ግስ ስለሚሸከም 17,000 ቃል የአማርኛ ጽሑፍ ለዚህ ዕድሜ በቂ መጽሐፍ ነው። በእንግሊዝኛ ለእኩዮቻቸው የሚታተሙትን የቃል ብዛት መለኪያ አድርጎ ጸሐፊን «አስረዝም» ማለት ትርፉ ውሃ መጨመር ነው።

ታኅሣሥ፣ ውል

ውሉ አርትዖት ከመጀመሩ በፊት ይፈረማል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብቱን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል፤ አሳታሚው የሚወስደው ከዚያ ውስጥ በጽሑፍ የተሰጠውን ብቻ ነው። ስለዚህ ቋንቋው፣ የኅትመት ብዛቱ፣ የዘመኑ ርዝመት፣ የድምፅና የኤሌክትሮኒክ ቅጂ ጉዳይ ለየብቻ ይጻፋሉ። የደራሲው ድርሻ ከሽፋን ዋጋ 10 በመቶ፣ ከሁለተኛው ኅትመት ጀምሮ 12 በመቶ። የሠዓሊውም ውል ለብቻው ይፈረማል። ሥዕሉ ለሽፋንና ለውስጥ ብቻ ነው ወይስ ለፖስተርም የሚለው አስቀድሞ ካልተጻፈ በኋላ ጭቅጭቅ ያመጣል።

ጥር፣ አርትዖት

የመጀመሪያው ዙር ስለ ታሪኩ ብቻ ነው፤ ፊደል አይነካም። ከ21,000 ወደ 17,000 የወረደው በሦስት ቦታ ነው፦ ስለ ጣና ገዳማት የገባ ሁለት ገጽ ገለጻ፣ የጎረቤቶች ረጅም ጭውውት፣ እናቲቱ ለልጆቿ የምትሰጠው ምክር። ስለ ገዳማቱ ሳይወጣ የተረፈው ልጆቹ ከታንኳ ላይ ሆነው የሚያዩት ያህል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዙር የዓረፍተ ነገር ነው፣ ጊዜ የሚበላውም እሱ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚታሰረው በመጨረሻው ግስ ነው። አዋቂ አንባቢ ዐይኑ ወደ ፊት እየቀደመ ግሱን ያየዋል። የ3ኛ ክፍል ልጅ ፊደል በፊደል ስለሚሄድ እስከዚያ ድረስ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ሁሉንም በአእምሮው መሸከም አለበት። ይህ በረቂቁ ነበረ፦

«አባቷ ከገበያ ያመጣላትንና ታናሽ ወንድሟ ሳያስፈቅዳት ይዞት የወጣውን ቀይ ገመድ ቤቱን ሁሉ ፈልጋ ስታጣ ወደ ሐይቁ ዳር ሮጠች።»

ከአርትዖት በኋላ፦

«ቀዩን ገመድ ቤቱን ሁሉ ፈለገችው። የለም። አባቷ ከገበያ ያመጣላት ገመድ ነበር። ወንድሟ ሳያስፈቅዳት ይዞት ወጥቷል! ወደ ሐይቁ ዳር ሮጠች።»

የቃሉ ብዛት እምብዛም አልተቀየረም፤ ልጁ ግን አምስት ጊዜ ያርፋል። በትረካው ውስጥ ከ15 ቃል የሚበልጥ ዓረፍተ ነገር አይተላለፍም፣ አማካዩ ከ8 እስከ 10 ነው። ይህ ማለት ሁሉም አጭር ይሁን ማለት አይደለም። አጭር ብቻ ሲደረደር ንባቡ መዶሻ ይሆናል። ሁለት አጭር፣ አንድ ረዘም ያለ፣ እንደገና አጭር።

ንግግር ላይ የሚታየው የአክብሮት አጠራር ነው። ባለታሪኳ አያቷን «አንቱ» ትላለች፣ አሳ አጥማጁን «ጋሼ»፣ ጎረቤቷን «እትዬ»። በረቂቁ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ «አንቱ»፣ ዘጠነኛው ላይ «እርስዎ» ነበር። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ ተሠርቶ መጽሐፉ በሙሉ በእሱ ታረመ። ልጆች ይህን ስህተት ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ይይዛሉ።

የካቲት፣ ከልጆች ጋር ንባብ

ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል የሚማሩ 6 ልጆች፣ ግማሾቹ ከመንግሥት፣ ግማሾቹ ከግል ትምህርት ቤት፤ በወላጅ ፈቃድ፣ ስማቸው ሳይመዘገብ። ድብልቁ አስፈላጊ ነው፦ በግል ትምህርት ቤት የሚማሩ ብዙ ልጆች በብዛት የሚያነቡት በእንግሊዝኛ ስለሆነ የአማርኛ ንባባቸው ከክፍላቸው ሊያንስ ይችላል፤ መጽሐፉን የሚገዛው ወላጅ ደግሞ በብዛት የእነሱ ነው።

እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ምዕራፍ ጮክ ብሎ ያነባል። አዋቂው በእጁ ሌላ ቅጂ ይዞ ልጁ የተደናቀፈበትን ቃል ያሰምራል፤ አያርምም፣ አያግዝም። ሦስትና ከዚያ በላይ ልጆች አንድ ቦታ ከተደናቀፉ ጥፋቱ የጽሑፉ ነውና ይለወጣል። አንድ ልጅ ብቻ የተደናቀፈበት እንዳለ ይቆያል፤ አዲስ ቃል መማርም የንባብ ጥቅም ነው።

መደናቀፊያዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚጠበቁ ዓይነት አልነበሩም። እንደ «ደንገል» እና «መቅዘፊያ» ያሉትን አዲስ ቃላት ልጆቹ በቀላሉ አለፏቸው፤ ፊደሉ እንደሚነበበው ነውና። ያስቸገሩት አንዱ ፊደላቸው ጠብቆ ወይም ላልቶ ሲነበብ ትርጉማቸው የሚለወጥ ቃላት ናቸው፦ ጽሑፋችን ጥብቀትን አያሳይም። «አሳው ይበላል» የሚለውን ሦስት ልጆች አሳው ራሱ ሌላ ነገር እንደሚመገብ አድርገው አነበቡት፣ ታሪኩ ግን ሰው የሚመገበው አሳ መሆኑን ይናገራል። «ይህ አሳ ለምግብ ይሆናል» ተብሎ ተስተካከለ። ንግግር ተከትሎ የሚመጣው «አለ» ደግሞ ከጥቅስ ምልክቱ ወዲያው ካልተከተለ «ይገኛል» ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ «አለ» ሁልጊዜ ከጥቅሱ አጠገብ ይቀመጣል፣ የተናጋሪው ስም ከፊቱ፦ «እንሂድ!» ወንድሟ አለ፣ ሳይሆን፣ ወንድሟ፣ «እንሂድ!» አለ።

ከንባቡ በኋላ «ወደድከው?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ልጅ አዋቂን ላለማሳዘን «አዎ» ይላል። የሚጠየቀው «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ነው። መልሱ ከመጣ ታሪኩ ይዞታል። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ምንም ግምት አልመጣም። ምክንያቱ ምዕራፉ የሚያልቀው ልጆቹ ተኝተው መሆኑ ነበር። የምዕራፉ መጨረሻ ወንድሟ መስኮቱ ላይ የእርጥብ ደንገል ቁራጭ ወደሚያገኝበት ገጽ ተጎተተ፣ እንቅልፉ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ መጀመሪያ ሄደ።

በውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆችም ይኸው ፈተና ይጠቅማል። በዋሽንግተን ዙሪያ ወይም በእስራኤል ያለ የ12 ዓመት ልጅ አማርኛ ይናገር ይሆናል፣ ንባቡ ግን እዚህ ካለ የ8 ዓመት ልጅ ጋር ይቀራረባል። ዓረፍተ ነገሩ አጥሮ ታሪኩ ለዕድሜው የሚመጥን መሆኑ በተለይ ለእሱ ይጠቅማል።

መጋቢት፣ ሥዕል

10 የውስጥ ሥዕሎች፣ አራቱ ሙሉ ገጽ፣ ስድስቱ የገጽ ሦስተኛ ያህል። ሁሉም በቀለም ብዕር መስመር ይሠራሉ፤ እርሳስና ውሃ ቀለም በጥቁርና ነጭ ኅትመት፣ ባልተለበጠ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። ግራጫ ካስፈለገ ከ10 በመቶ በታች ያለው ይጠፋል፣ ከ80 በመቶ በላይ ያለው ጥቁር ይሆናል፤ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ሲገባ ግራጫው የሚታተምባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ይሰፋሉና። መስመር ብቻ የሆነ ሥዕል በሚታተምበት መጠን ቢያንስ 600፣ ግራጫ ያለው 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚገቡ ነጥቦች ብዛት) ሆኖ ይቃኛል። ከስልክ ፎቶ አንስቶ መላክ አይሆንም፣ ጥጎቹ ይጣመማሉ።

የመጀመሪያው ንድፍ ላይ ታንኳው የእንጨት ጀልባ መስሎ መጣ። ሠዓሊው የጣና ታንኳ ፎቶዎች ተሰጡት፦ የደንገል እስሮቹ፣ ወደ ላይ የሚሾለው አፍንጫው፣ ቀዛፊው ከፍ ብሎ የሚቀመጥበት ሁኔታ። ታሪኩ የሚዞረው በዚህ ዕቃ ላይ ስለሆነ ይህ ካልተስተካከለ ባሕር ዳር ያለ ልጅ መጽሐፉን በመጀመሪያው ሥዕል ይተወዋል።

ሚያዝያ፣ ፊደልና ገጽ

ደራሲው የላከው ፋይል በከፊል በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ነበር። አሁን በሁሉም ኮምፒውተር ወደሚሠራው የፊደል ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ ሲለወጥ አብዛኛው ይስተካከላል፣ ጥቂት ፊደላት ግን ይዛነፋሉ፤ ስለዚህ የተለወጠው ከታተመው ረቂቅ ጋር ጎን ለጎን ይነበባል። ከዚያ በፍለጋ የሚጸዱ ነገሮች አሉ። አራት ነጥብ በሁለት ሁለት ነጥቦች («፡፡») ተጽፎ ከሆነ በ«።» ይተካል፤ ካልተተካ መስመር መጨረሻ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወደ ታች ይወርዳል። ከ«።» በፊት ያለ ክፍት ቦታም ይጠፋል፣ አለዚያ ነጥቡ ብቻውን የመስመር መጀመሪያ ይሆናል። «ፕ» በ«ኘ» ተተክቶ የተጻፈበት ቃል በየሰነዱ ሞልቷል፤ ዐይን ስለለመደው አራሚ ያልፈዋል፣ በፍለጋ ብቻ ይያዛል። ሐ፣ ሀ፣ ኀ፤ ሠ፣ ሰ፤ ዐ፣ አ፤ ጸ፣ ፀ በአንድ ቃል ውስጥ ሳይቀያየሩ እንዲጻፉ የቃል ዝርዝር ተሠራ። የትኛውን መምረጥ አከራካሪ ሊሆን ይችላል፤ «ፀሐይ» በአንድ መጽሐፍ ውስጥ በሦስት መልክ መጻፉ ግን አያከራክርም፣ ፊደል ገና የሚያጸናን ልጅ ያሳስታል።

የፊደሉ መጠን 12.5 ነጥብ (ፖይንት)፣ ከመስመር መስመር 18 ነጥብ። ከዚህ ሲያንስ የፊደሎቹ ጥቃቅን ምልክቶች ይቀላቀላሉ፤ ልጅ ቀ እና ቁን፣ ለ እና ሉን የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነው። አቢሲኒካ፣ ኒያላና ኖቶ ሰሪፍ የተባሉት የፊደል ቅርጾች (ፎንቶች) በአንድ ገጽ ላይ ታትመው ተወዳደሩ፣ በወፍራምና ቀጭን መስመሩ ሚዛን አቢሲኒካ ተመረጠ። ውሳኔው በስክሪን ሳይሆን በታተመ ወረቀት ነው።

ጽሑፉ በግራ ብቻ ይደረደራል፣ በሁለቱም ጎን አይሞላም። በአንድ መስመር 6 ወይም 7 ቃል ብቻ ስለሚገባና የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ፣ ሁለቱን ጎን ለማስተካከል ሲሞከር በቃላት መሐል ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል፣ ልጁም መስመር ይስታል። ኅዳጉ ከውስጥ 20፣ ከውጭ 15 ሚሊ ሜትር። በአንድ ገጽ 27 መስመር ይወጣል፤ ንግግርና አንቀጽ ሲታሰብ 155 ቃል ገደማ። 17,000 ለ155 ሲካፈል 110 ገጽ፣ ለሥዕል 6፣ ለመጀመሪያ ገጾች 6፣ ለምዕራፍ መክፈቻ ባዶ ቦታ 6፤ ድምሩ 128። ቁጥሩ የተመረጠው ማተሚያ ቤት በ16 ገጽ ፎርም፣ ማለት ታጥፎ 16 ገጽ በሚሆን ሉህ ስለሚሠራ ነው፣ 128 ልክ 8 ፎርም ነው። ጽሑፉ 130 ገጽ ቢሆን ለሁለት ገጽ ሲባል ተጨማሪ ፎርም ይከፈላል።

ግንቦት፣ መለያ ቁጥርና የሙከራ ቅጂ

አይኤስቢኤን፣ ማለት ዓለም አቀፉ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ ከኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ይወሰዳል። ባርኮዱ በመደበኛ መጠኑ 37.29 በ25.93 ሚሊ ሜትር ነው፣ እስከ 80 በመቶ ሊያንስ ይችላል። ጥቁር በነጭ ላይ ይቀመጣል፤ በሥዕል ላይ ወይም በቀይ ቀለም ከታተመ ማንበቢያው አያየውም።

የሽፋኑ ስፋት የሚሰላው ወረቀቱ ከተወሰነ በኋላ ነው። 64 ቅጠል ባለ 80 ግራም ወረቀት ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። 148 ሲደመር 7 ሲደመር 148፣ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ለመቁረጫ፤ 309 በ216። 60 ግራም ወረቀት ዋጋው ይቀንሳል፣ ነገር ግን ሥዕሉ ከጀርባ ያሳያል።

በጀርባው ሽፋን ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አለ። ትልቁ ለልጁ ነው፣ 45 ቃል ገደማ፣ በጥያቄ የሚያልቅ። ትንሹ ለወላጅ፦ «ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል»። መጽሐፉን የሚያነሳው ልጁ ነው፣ የሚከፍለው ሌላ ነው።

5 ቅጂ በዲጂታል ማተሚያ ወጥቶ መጽሐፉን ከዚህ በፊት ያላየ አራሚ አነበበው። ሲሠራበት የቆየ ዐይን የሌለውን ፊደል እንዳለ አድርጎ ያነባል።

ሰኔ፣ ኅትመት

የወረቀቱ ስሌት፦ 61 በ86 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሉህ ለሁለት ሲቆረጥ እያንዳንዱ ግማሽ በሁለት ፊቱ 16 ገጽ ይይዛል። 8 ፎርም በ2,000 ሲባዛ 16,000 ግማሽ፣ ማለት 8,000 ሙሉ ሉህ። 5 በመቶ ለብክነት ሲጨመር 8,400፣ ባለ 500 እሽግ 17። ፕሌቱ፣ ማለት ገጾቹ የሚታተሙበት የብረት ሉህ፣ ለውስጥ 16፣ ለሽፋን 4። ይህን አስቀድሞ ያሰላ ሰው የማተሚያ ቤቱን የዋጋ ማቅረቢያ መስመር በመስመር ማንበብ ይችላል።

ፒዲኤፉ ሲላክ ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ብቻ መሆኑ ይረጋገጣል። አራቱን የማተሚያ ቀለሞች ደራርቦ የተሠራ ጥቁር ለውስጥ ገጽ አይሆንም። ፎንቶቹ ፋይሉ ውስጥ አብረው መግባት አለባቸው፤ ካልገቡ የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ሌላ ፊደል ይተካና ገጹ ይንሸራተታል። ማሽኑ ሲጀምር የእያንዳንዱ ፎርም የመጀመሪያ ንጹሕ ሉህ ታጥፎ የገጽ ቁጥሩ ቅደም ተከተል ይታያል። የሚያረጋግጥ ሰው ማሽኑ አጠገብ መገኘት አለበት።

ጥረዛው ላይ መቆጠብ አይገባም። ሙጫ ብቻ የተቀባ መጽሐፍ ልጅ ከፍቶ ወለል ላይ ሲያስተኛው ቅጠሉ ይረግፋል። ፎርሞቹ በክር ተሰፍተው ከዚያ ሙጫ ይቀባሉ። የወረቀቱ ጭረት፣ ማለት ክሮቹ የተዘረጉበት አቅጣጫ፣ ከጥራዙ ጋር ትይዩ እንዲሆን ይጠየቃል፣ አለዚያ መጽሐፉ ተከፍቶ አይተኛም፣ እርጥበት ሲያገኘውም ይጨማደዳል። ከመጀመሪያዎቹ ጥራዞች አንዱ መሐሉ ተከፍቶ አንድ ቅጠል ተጎትቶ ይፈተናል። ሽፋኑ 250 ግራም፣ ደብዛዛ ላሚኔሽን ያለው።

ከሰኔ መጨረሻ፣ ስርጭት

መጽሐፉ የሚወጣው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ልጁ ጊዜ አለው፣ ዝናቡም ቤት ያውለዋል። ጳጉሜ ከደረሰ የወላጅ ኪስ ወደ ደብተርና ዩኒፎርም ይዞራል።

አከፋፋይ ከሽፋን ዋጋ ከ30 እስከ 40 በመቶ ይወስዳል። ከ100 ብር 35 ለአከፋፋይ፣ 10 ለደራሲ ሲወጣ፣ 55 ብር ኅትመቱን፣ ሠዓሊውን፣ አርታኢውንና ትራንስፖርቱን መሸከም አለበት። የአንድ ቅጂ የኅትመት ወጪ ከሽፋን ዋጋ 30 በመቶ ካለፈ ሁለተኛ ኅትመት የሚሠራበት ገንዘብ አይተርፍም።

በለገሃር፣ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢና በአራት ኪሎ ላሉ መደብሮች በአደራ ተሰጠ፤ ሒሳቡ በየ60 ቀኑ፣ ያልተሸጠው ተቆጥሮ። ለመጽሐፍ አዟሪዎች በእጅ በእጅ፣ ቅናሹ ትንሽ ከፍ ብሎ። አዟሪ የታዳጊ መጽሐፍ ለመያዝ ያመነታል፣ ደንበኛው አዋቂ ነውና። ስለዚህ አምስት አምስት ቅጂ ብቻ ተሰጣቸው፣ ሲያልቅ እንዲጨምሩ።

ለትምህርት ቤቶች በ30 ቅጂ እሽግ ይሸጣል፣ ክብደቱ ወደ 5 ኪሎ ተኩል። ከእሽጉ ጋር ለመምህሩ አንድ ወረቀት አለ፦ በየምዕራፉ ጮክ ተብሎ የሚነበብ አንድ አንቀጽና አንድ የግምት ጥያቄ። የፈተና ጥያቄ አልተጨመረም፤ ልጁ መጽሐፉን የቤት ሥራ አድርጎ ከቆጠረው ሁለተኛውን አይጠይቅም።

ከገበያ የሚመለሰው አስተያየት በአንድ ፋይል በገጽ ቁጥር ይሰበሰባል። እስካሁን የተመዘገቡት ገጽ 41 ላይ የተደገመ ቃል፣ ገጽ 88 ላይ «አንቱ» መሆን ሲገባው «አንቺ» የተባለ፣ ገጽ 103 ላይ የቀዘፋው አቅጣጫ ከሥዕሉ ጋር ያልተጣጣመበት ናቸው። ከ2,000ው 1,500 ሲሸጥ ለሁለተኛው ኅትመት ዋጋ ይጠየቃል፤ ፋይሉ በዚያን ጊዜ ታርሞ፣ ሦስቱ ገጾች ያሉባቸው ፎርሞች ፕሌት ብቻ እንደገና ይሠራል።